"እኛኮ ቅኝ አልተገዛንም" እያላችሁ ፖስትኮሎኒያል ቲዮሪ ለምትማሩ

ማስተርስ ስማር ከኮርሶቹ ሁሉ ያስለቀሰኝ ፖስትኮሎኒያል ቲዮሪ ነው፣ ቅኝ ግዛት በሰው እውቀት፣ ቋንቋና ማንነት ላይ ያደረገውንና ካለፈም በኋላ የተወውን ነገር የሚያጠናው ትምህርት። ውጤት ተበላሽቶብኝ አይደለም፣ ውጤቱ ደህና ነበር፣ ትምህርቱ ከክላስ ወጥቶ ቤቴ ድረስ ስለተከተለኝ ነው። ከእህቴ ጋር አጣላኝ፣ ከማስተምረው እንግሊዝኛ ጋር አጣላኝ፣ በኋላማ ቴሲሱንም ትቼ ቁጭ አልኩ። አሁን አልፎ ስራዬ ላይ ነኝ፣ ግን ኮርሱን የሚጀምሩ ልጆች እየደወሉ ሲያወሩኝ ልክ እኔ የተያዝኩበት ቦታ ተይዘው ስለማገኛቸው ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። ባህር ዳር ነው ያደግኩት። የተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ያስቀጣ ነበር። አማርኛ ያወራ ልጅ ስሙ ይመዘገባል፣ ወይ ሳንቲም ይከፍላል ወይ ይንበረከካል፣ መዝጋቢው ደግሞ ሌላ ልጅ ስለሆነ እረፍት ላይ እንኳን እርስ በርስ እየተጠባበቅን ነው ምንጫወተው። ቤተሰቦቻችን ያውቁ ነበር፣ ለኛ አስበው ነው ከሌላቸው ላይ ከፍለው ያስገቡን። እዛው ትምህርት ቤት የመመዝገቢያ ፎርም ላይ "የአሳዳጊ የትምህርት ደረጃ" የሚል ቦታ ነበር፣ እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ናቸውና እሳቸው ጋ "ያልተማረ" ተብሎ ተሞላ። አያቴ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ እየለመኑ፣ ጎጃም ውስጥ ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ዋሸራ ድረስ የደረሱ፣ በኋላም ሌላ ሰው ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ፎርሙን የሞላው ሰውዬ ክፉ አልነበረም፣ ፊቱ ያለው ዝርዝር ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ነው፣ የአያቴ ትምህርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አያቴም ምንም አላሉም፣ እኔም ምንም አልመሰለኝም። ለብዙ ዓመት ምንም እንዳልመሰለኝ ቀረ።

ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ማስተርስ ገብቼ ኮርሱ ሲጀመር ክላሱ ውስጥ መጀመሪያ የተነሳው ሃሳብ "እኛኮ ቅኝ አልተገዛንም፣ ይሄ ለኬንያና ለህንድ ነው" የሚል ነበር። ሁላችንም ተስማማን። እውነትም ነው፣ አድዋ እውነት ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 የነበረውም ወረራ እንጂ ያለቀለት ቅኝ ግዛት አይደለም ብለን እንከራከራለን። ግን እዩት፣ ይህቺ እውነት እንዴት በር መዝጊያ እንደምትሆን። የአምስቱ ዓመት ነገር ዛሬም ከተማችን ውስጥ አለ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ራሱ በጣሊያን የጦር ካሳ ነው የተቋቋመው። ደግሞ አድዋን የኛ ብቻ አድርገን ስንይዘው የገረመኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ሲደረግ ምኒልክን ወክሎ የተገኘው ቤኒቶ ሲልቬን የሚባል የሃይቲ ሰው ነው። የሃይቲው ጥቁር አድዋን የራሱ ብሎ ይዞ ለንደን ድረስ ሲሄድ እኛ ሰፈር ደግሞ እስከዛሬ "እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ጠይም ነን፣ ቀይ ዳማ ነን" የሚል ክርክር አለ። እና ቲዮሪው አይመለከተንም የምትሉ ልጆች እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ።

መጀመሪያ የተሰጠን ኤድዋርድ ሰኢድ ነበር፣ ኢየሩሳሌም የተወለደ ፍልስጤማዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የመጻሕፍቱና የጸሐፊዎቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስለ ምስራቁ ዓለምና ስለ አውሮፓ አጥኚዎች በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የሚታወቀው። ሃሳቡን በአጭሩ እንዲህ ያዙት፦ አውሮፓ ስለ ምስራቅ የጻፈችው፣ የሳለችው፣ ያጠናችው ሁሉ ተደምሮ አንድ "ምስራቅ" የሚባል ነገር ፈጠረ፣ ሰነፍ፣ ስሜታዊ፣ የማይለወጥ፣ ራሱን ማስተዳደር የማይችል። ይህ እውቀት ደግሞ ከገዢነት ተለይቶ አይኖርም፣ ስለ አንተ የሚያውቀው ሰው አንተን የሚያዝህም ሰው ይሆናል። ይህን አንብቤ ገባኝ፣ ለፈተና ጻፍኩት፣ አለፍኩ። አላመመኝም።

ያመመኝ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። ንጉጊ በ1986 ባወጣው መጽሐፉ ላይ የተማረበትን ትምህርት ቤት ይተርካል፣ ኬንያ፣ በእንግሊዞች ጊዜ። የእናት ቋንቋውን ጊኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፋል ወይ ይቀጣል፣ አጥፊው የሚያዘውም ጠዋት ለአንድ ልጅ የልብስ ቁልፍ ይሰጠውና እሱ ጊኩዩ ሲያወራ ለሰማው ልጅ ያቀብላል፣ ያም ለሌላ፣ ማታ ላይ ቁልፉን የያዘው ሁሉንም ያሳብቃል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ የምር። የኛ ትምህርት ቤት ነበር። የኬንያውን እንግሊዝ አመጣው፣ የባህር ዳሩንስ ማን አመጣው? ማንም አላስገደደንም። ከፍለን ነው የገባንበት። ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2017 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፍ አለ፣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የራሷን የእውቀት ባህል እንዴት እንደገፋው የሚያሳይ፣ ቅኝ ገዢ ሳይመጣ ቅኝ መገዛት ይቻላል የሚለውን ነገር ቁልጭ ያደረገልኝ እሱ ነው። የአያቴ ፎርም ያን ቀን ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚህ በኋላ ፍራንዝ ፋኖንን ብቻዬን፣ ማታ ማታ፣ ያለ እረፍት አነበብኩት። ይሄን ነው እንዳታደርጉት ምለምናችሁ። ፋኖን ማርቲኒክ ተወልዶ ፈረንሳይ የተማረ የአእምሮ ሐኪም ነው፣ የ1952ቱ መጽሐፉ ላይ ባቡር ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ እያየው ለእናቱ "እዪ፣ ጥቁር! ፈራሁ" የሚልበት ቦታ አለ። እስከዛች ደቂቃ ሐኪም፣ የተማረ፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነበር፣ በአንድ ልጅ ቃል ቆዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዘር የሚባለው ነገር ከደም የሚመጣ ሳይሆን በእይታ ውስጥ የሚሰራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ገጽ አላነበብኩም። ጣሊያንም ሲመጣብን እንደዛው ነው ያየን፣ በኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1929 የወጣው ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈርድበት ነበር፣ ለጠይም ወይ ለቀይ ዳማ የተለየ አንቀጽ አልነበረውም።

ግን ሃሳቡን መረዳትና መሸከም ይለያያል። እህቴ ፊቷን ለማቅላት የምትቀባውን ክሬም ወስጄ ጣልኩባት፣ ተጣላን፣ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ክላስ ገብቼ እንግሊዝኛ ማስተማር አስጠላኝ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ልጆቹን እየመረዝኳቸው ነው ብዬ አስባለሁ። ሰው ስልኩን አንስቶ "ሄሎ" ሲል ይከፋኛል። ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲወለድ "ቀይ ናት፣ ጸጉሯ ሉጫ ነው" እየተባለ ሲወራ እበሳጫለሁ፣ ስለ ቆላ ሰዎች፣ ስለ ጉሙዝ የሚባለው ነገር ደግሞ ድሮ ሳልሰማው ያለፍኩት ሁሉ አንድ በአንድ እየተመለሰ ይመጣብኛል። የማወራው ሰው አልነበረኝም። ፕሮፖዛሌ ጸድቆ አንድ ገጽ መጻፍ አቃተኝ።

እዚህ ለደረሳችሁ ልጆች የረዱኝን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛው የፋኖንን መጽሐፍ ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሩት። እዛ ላይ ሰውየው የታሪክ እስረኛ አልሆንም ነው የሚለው፣ በአባቶቼ ባርነት ታስሬ አልቀርም፣ ነጩንም በአባቱ በደል ጥፋተኛ አድርጌ አልኖርም። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ የመሀሉ ቁጣ ወዴት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ሰውየው ከ1953 ጀምሮ አልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ውስጥ ህመምተኛ ሲያክም የነበረ ነው፣ የሚጽፈውም ሰው እንዲድን ነው፣ እኔ ግን ምርመራውን ብቻ አንብቤ ህክምናው ሳይደርሰኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ብቻችሁን አታንብቡ። ሁለት ሰው እንኳን ቢሆን በሳምንት አንዴ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ያነበባችሁትን በአማርኛ አውሩት። በአማርኛ ማውራቱ ዋና ነገር ነው፣ በእንግሊዝኛ የሸመደድነው ሃሳብ ገብቶን እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው በራሳችን አፍ ስንናገረው ነው።

ከዛ አማካሪዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ "ከዚህ አካባቢ የተጻፈ ቴክስት ለምን አትወስጂም?" አለኝ። ያቺ ጥያቄ ናት ያወጣችኝ። ጄምስ ብሩስን ወሰድኩ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ አባይ ደርሶ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የአባይን ምንጭ ያገኘሁት እኔ ነኝ ይላል። ከሱ በፊት በ1618 ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአጼ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ አይቶታል፣ ብሩስ ግን የፓኤዝን ነገር ለማስተባበል ብዙ ይደክማል። እና አውሮፓ ውስጥ ክርክሩ ከሁለቱ ማን ቀደመ የሚል ሆኖ ቀረ፣ ምንጩ ያለበት ሰከላ የሚኖረው ሰው ከክርክሩ ውስጥ የለም። ሰኢድ በ1993 መጽሐፉ ላይ ቴክስትን ከሁለት ወገን አንብቡ ይላል፣ የሚያወራውን ድምጽና ከስሩ የተጫነውን ድምጽ አንድ ላይ። እንደዛ ሳነበው ብሩስ ራሱ ሁሉንም ነገር ጽፎት አገኘሁት! መንገዱን የመራው ወልዶ የሚባል ያገሩ ሰው ነው፣ ቦታውን ሳያሳየው በፊት ቀይ የሐር መቀነቱን አስፈትቶ ወስዷል። ወደ ምንጩ ሲወርድ ሰዎቹ ጫማህን አውልቅ ብለው አስወልቀውታል። ምንጩን የሚጠብቁ፣ ከአባታቸው የወረሱ፣ ብሩስ ከፍላ አባይ ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ አሉ፣ ቤታቸው ነው ያረፈው። ማለት ምንጩ ጠባቂ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ዋጋ እንኳን ተነግሮለታል፣ ይሄን ሁሉ በራሱ እጅ ጽፎ ሲያበቃ ነው አገኘሁት የሚለው።

ይህን ሳገኝ ንዴቴ ስራ ሆነ። ከዛ በኋላ ለማንኛውም ቴክስት ምጠይቃቸው ሶስት ጥያቄዎች ነበሩኝ፣ ውሰዷቸው፦ ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን ነው የሚናገረው፣ እዚህ ገጽ ላይ እያለ ማይናገረው ሰው ማን ነው? ለቱሪስት ብሮሹር ይሰራሉ፣ ለዜና ይሰራሉ፣ ለራሳችን የታሪክ መጽሐፍም ይሰራሉ። በተለይ ሶስተኛዋ።

ሶስተኛዋ ጥያቄ ናት ወደኛው የዞረችብኝ። ቴሲሴ ላይ ስለ ነገደ ወይጦ አንድ ምዕራፍ ላስገባ አሰብኩ። ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሰሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ለዘመናት ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ ሳይቀርብ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የኔም ቤተሰብ ቤታቸው አይበላም ነበር። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አጥኚዎች ሲመጡ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። እኔ አማርኛዬ በሳንቲም ተቀጣ ብዬ ስታመም የነበርኩት እዚሁ ሐይቅ ላይ አማርኛ የሌላ ሰው ቋንቋ በልቶ ተቀምጧል፣ ያንን ቋንቋ የሚያስታውስ ሰው እንኳን አልቀረም።

ወደ መንደሩ ሄጄ አንዲት ሰፌድ የሚሰፉ እናት ጋ ቁጭ አልኩ፣ ደብተሬን አውጥቼ የናንተን ድምጽ ለማሰማት ነው ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጽፈሽ ለማን ነው ምትሰጭው?" አሉኝ። ለዩኒቨርሲቲው አልኳቸው። "እኛ ምናነበው ነው?" አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው። ምንም መልስ አልነበረኝም። የህንዷ ምሁር የጋያትሪ ስፒቫክ የ1988 ጽሑፍ የተገለጠልኝ እዛ ነው። ስፒቫክ የተጨቆነው መናገር ይችላል ወይ ብላ ስትጠይቅ አፍ የላቸውም ማለቷ አይደለም፣ ሲናገሩ የሚሰማበት ቦታ አልተሰራም፣ እንናገርላቸዋለን የምንለው ምሁራን ደግሞ ቦታውን ራሳችን እንይዘዋለን ነው የምትለው። እኚህ እናት ጽሑፉን ሳያነቡ ጥያቄውን ጠየቁኝ። "የወይጦ ድምጽ" ያልኩትን ምዕራፍ አወጣሁትና በምትኩ መንገደኞችና አጥኚዎች ስለነሱ እንዴት እንደጻፉ፣ አንዱ ከሌላው እየቀዳ እንዴት እንደተቀባበለ ሰራሁ። የሰዎች ድምጽ ላይ ለመስራት ምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ራሳቸው ምን እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ የጻፋችሁትን በአማርኛ አንብባችሁ አሰሟቸው፣ ካልፈለጉ ተዉት።

ከንዴቱ ጨርሶ ያወጣኝ ግን ዘጌ ነው። የጣና ገዳማት ሥዕል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አጣምራ የምትታይበት አሳሳል አለ፣ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው፣ ከሱ በላይ የኛ የሆነ ነገር ያለ አይመስለንም። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት ግን ይህ አሳሳል ሮም ካለችው የቅድስት ማርያም ታላቋ ባዚሊካ ሥዕል የመጣ ነው፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ይዘውት የገቡት። ሚስዮኖቹን አጼ ፋሲል አስወጧቸው፣ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ ሰዓሊዎቻችን ዓይኗን፣ ልብሷን፣ አጠገቧ ያሉትን መላእክት እየለወጡ የኛ አደረጓት። ሌላው የዚህ ቲዮሪ ጸሐፊ ሆሚ ባባ ባህል ሲገናኝ የሚፈጠረው ሶስተኛ ቦታ፣ ድብልቅነት፣ የሚለው ነገር ለወራት አልገባኝም ነበር፣ እዛ ግድግዳ ፊት ቆሜ ገባኝ። የመጣ ነገር ሁሉ መሸነፍ አይደለም፣ የተቀበለውስ ሰው ምን አደረገበት ብሎ መጠየቅ አለ። ጃማይካ የተወለደው ስቱዋርት ሆልም በ1990 ጽሑፉ ማንነት ድሮ የነበርነው ብቻ ሳይሆን እየሆንን ያለነውም ነው ይላል። እንግሊዝኛ ማስተማሬን በዚህ ነው ወደ ልቤ የመለስኩት። አሁን ክፍሌ ውስጥ አማርኛ አይከለከልም፣ ልጆቹ ሃሳባቸውን በአማርኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ይጨርሱታል፣ እንግሊዝኛቸውም በዛ የተነሳ አልደከመም። ከእህቴም ጋር ታረቅን፣ ክሬሙን እኔ ስላልኳት አይደለም የተወችው፣ ደክሟት ነው፣ እኔም ከዛ በኋላ ስለ ፊቷ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ቲዮሪ አሁን ባለንበት ሁኔታ በቀላሉ ዱላ ይሆናል። ክላስ ውስጥ ውይይቱ በአንድ አፍታ የኔ ብሔር ተበደለ፣ ያንተ በደለ ወደሚል ሲቀየር አይቻለሁ፣ ጓደኛሞች ሳይነጋገሩ ተመርቀዋል። እንደዛ ሲሆን አንድ ገጽ አውጡና እሱ ላይ ተከራከሩ፣ "ይህ አንቀጽ ምን ይላል" ወደሚለው መልሱት። በገጽ ላይ መከራከር ሰውን ከሰው አያቆራርጥም፣ ቢያንስ እኛ ጋ ሰርቷል።

ለንባቡ ደግሞ፣ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ፒዲኤፎቻችሁን አውርዳችሁ ፕሪንት አድርጉ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ቴሲስ የቆመበት ሰው ብዙ ነው። በንጉጊ ጀምሩ፣ ቀላልና የምታውቁት ነገር ነው፣ ከዛ ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 ጆሴፍ ኮንራድ ስለ አፍሪካ የጻፈውን ልብወለድ የተቸበትን ሌክቸር አንብቡ፣ አንድን ልብወለድ እንዴት መሞገት እንደሚቻል ያሳያችኋል፣ ከዛ የሰኢድን መግቢያውን ብቻ፣ ከዛ ፋኖንን እንዳልኳችሁ ከመጨረሻው። ስፒቫክን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፣ መክፈቻው ላይ ፉኮና ደለዝ የሚባሉ የፈረንሳይ ፈላስፎች ያደረጉትን ውይይት ነው የምትተቸው፣ እነሱን ያላነበበ ሰው እዛው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ባሏ ሲሞት አብራ ስለምትቃጠለው የህንድ ሴትና በ1829 እንግሊዞች ስላወጡት ክልከላ የምታወራበት ክፍል ግቡ፣ ነጭ ወንዶችም ያገሯ ወንዶችም ስለሷ ሲናገሩ ሴትየዋ የት እንደጠፋች ታያላችሁ፣ ከዛ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ባባን መጨረሻ ላይ፣ እሱንም ስለ ማስመሰል የጻፈውን አጭሯን ብቻ፣ በእርሳስ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ከጎኑ በአማርኛ እየጻፋችሁ።